ፎቶ አንሺዋ ትርንጎና የቁም ሙሾ

ድሮ ነው፤ ካሴት ሲጠላለፍ በእስክሪብቶ የሚጠቀለልበት ዘመን። ለእናንተ ድሮ ይሁን እንጂ ለእኔ ትናንት ነው፤ ብቻ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ቦርከና ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ከተማ ትርንጎ የምትባል ፎቶ አንሺ ነበረች።

ዛሬም በዚያች ከተማ ፀጉር ቤት ብትገቡ፣ ጁስ ቤት ብትገቡ አንድ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ወጣቶች ሾላ ዛፍ ሥር ተደርድረዋል። ኮፍያቸውን አዙረው ያጠለቁ አሉ፤ ሱሪያቸው ሁለት ሰው የሚይዝ አሉ። ሁሉም የዚያች ከተማ ራፐሮች ናቸው። ራፐር ደግሞ ፎቶ ሲነሣ ፊቱን ማኮሳተር፣ ደረቱን መንፋት ይወዳል። እነዚህ ግን አንዱም አልኮራ፣ አንዱም አልሳቀ። ዓይናቸው ፈጧል፤ አፋቸው ተከፍቷል፤ ሁሉም አንድ ነገር ያያሉ። የሚያዩት ነገር ፎቶው ውስጥ የለም። እንግዳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አይተው ነው?» ብሎ ነው። እኔም የማጫውታችሁ ይህንኑ ነው።

ትርንጎ ስሟ የገነነ ሰው አልነበረችም። ሥራዋ ጉርድ ፎቶ ነው። ለመታወቂያ የመጣውን፣ ለመንጃ ፈቃድ የመጣውን በርጩማ ላይ ታስቀምጥና «ቀና በል፣ ጆሮህ ይታይ» ትለዋለች። ከዚህ ሌላ ብዙ ቃል አይወጣትም። የወለደችው ልጅ አልነበራትም። ያሳደገቻቸው ግን ሁለት ነበሩ። አንደኛው የሟች እህቷ ልጅ ምንተስኖት ነው። ሁለተኛው ሲራጅ ነው፤ የጎረቤቷ ልጅ። እናቱ ዓረብ አገር ለሥራ ስትሄድ «አደራ» ብላ ሰጥታት ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ቤቱ ሽሮ እንጂ ሥጋ የሚታይበት ቤት አልነበረምና የክርስቲያኑም የእስላሙም ልጅ ከአንድ ትሪ በሉ። በአንድ ብርድ ልብስ ተኙ። በአንድ ቴፕ ራፕ ሰሙ፤ ሁለቱም ራፐር ሆኑ።

አንድ ቀን በከተማው አዳራሽ የግጥም ፍልሚያ ተደረገ። ሁለቱ ወንድማማቾች ተገጣጠሙ። መጀመሪያ በጫማ ተሰዳደቡ፤ ሰው ሳቀ። ቀጥለው በአፍንጫ ተሰዳደቡ፤ ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያሰክራቸው ሲራጅ ምንተስኖትን «እናት የለህም» አለው። ምንተስኖትም መለሰ፤ «ያንተዋ ጥላህ ሄደች» አለው። ሁለቱ እናት የለህም ሲባባሉ፣ ትርንጎ ከኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ለማንም አልተናገረችም እንጂ በጣም አመማት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲራጅ ከወንዙ ድልድይ በታች አጎቱ ቤት ገባ። ራፐሩም ለሁለት ተከፈለ፤ የላይ ድልድይ፣ የታች ድልድይ ተባለ። በመንገድ ሲተላለፉ ይተፋፋሉ። ድንጋይም የተወራወሩበት ጊዜ አለ።

ታዲያ የከተማው ካሴት ቤት ባለቤት የሁሉንም ዘፈን በአንድ ካሴት ሊያወጣ አሰበ። «ሽፋኑ ላይ ሁላቸውም በአንድ ፎቶ ካልወጡ የአበባ ሥዕል አድርጌበት እገላገላለሁ» አለ። ትርንጎን ጠራት፤ እሺ አለች። ስለ ካሴቱ ግድ ኖሯት አልነበረም። እነዚያን ሁለት ልጆች አንድ ጊዜ፣ አንድ ላይ፣ በካሜራዋ ቀዳዳ ማየት ፈልጋ ነው።

የመጀመሪያው ችግር መሰብሰቡ ነበር። የላዮቹን ጠየቀች፤ «እነሱ ካሉ አንመጣም» አሏት። የታቾቹን ጠየቀች፤ እነሱም እንደዚያው አሏት። ትርንጎ ዝም አለች። ዝም ብላ አሰበች። ያን ሰሞን መታወቂያ ይታደስ ስለነበር ሁሉም እሷ ዘንድ ጉርድ ፎቶ ተነሥተው ነበር። ለእያንዳንዱ ለብቻው «ፎቶህ ዓይንህን ጨፍነህ ወጥቷል፤ ቅዳሜ ረፋድ ሾላው ሥር ናና ድገመው» ብላ ላከችበት። ጨፍነህ ወጣህ ተብሎ የሚቀር ወጣት የት አለ? አንድ ሳይቀር መጡ፤ ተቀብተው፣ ተበጥረው መጡ። ሲተያዩ ደነገጡ።

«አንተም ጨፍነሃል?» አለው አንዱ የላይ ልጅ የታቹን።

«እኔ እንኳ ጨፍኜ አላውቅም» አለ ያኛው፤ መታለላቸው ያን ጊዜ ገባቸው። ግን ያን ያህል ለብሰው እንዲሁ መመለስ ቆጫቸው፤ ቀሩ።

ሁለተኛው ችግር መጠጋጋቱ ነበር። የላዮቹ በቀኝ፣ የታቾቹ በግራ ቆሙ። በመሐላቸው ጋሪ ከነፈረሱ ያልፋል። «ጠጋ በሉ» አለቻቸው፤ ወይ ፍንክች። ትርንጎ ዝም አለች። ዝም ብላ አሰበች። ከዚያ ካሜራውን ትነካካ ጀመር። መስተዋቱን ወለወለች። ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ አጠበቀች፣ መልሳ አላላች። የቆላ ፀሐይ ደግሞ ሽቅብ እየወጣች ነው። ፀሐይ በወጣች ቁጥር የሾላው ጥላ አጠረ፤ ጥላው ባጠረ ቁጥር ልጆቹ በየጥቂቱ ወደ ግንዱ ገቡ። አዲስ በገዙት ልብስ ላይ ማላብ የሚፈልግ አልነበረም። እነሱ ሳያውቁት ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። ምንተስኖትና ሲራጅም መሐል ላይ ጎን ለጎን ተጣብቀው ቀሩ።

ሦስተኛው ከሁሉ ከበደ። ተጠጋግተው ቆመዋል እንጂ አይተያዩም። ምንተስኖት ወደ ቀኝ፣ ሲራጅ ወደ ግራ ዞሯል። «ወደ እኔ እዩ» አለቻቸው፤ እምቢ አሉ። ከኋላ አንዱ አንዱን በክርኑ ጎሸመው። ስድብ ተሰማ። ከዳር ያለው ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሣ። ትርንጎ አሁን ከተበተኑ ዳግመኛ እንደማይሰበሰቡ አወቀች፤ ፈራችም።

በዚህ ጊዜ ግን ዝም አላለችም። ከካሜራው ኋላ ወጣች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ አጣፋች። ልጆቹ አያውቁም እንጂ ትርንጎ በአገሯ የታወቀች አልቃሽ ነበረች፤ ከተማ ከገባች በኋላ ትታው ነው። ደረቷን መታ መታ አደረገችና ሙሾ አወረደች፤

«ሲራጅን ቀበሩት፣ ምንተስኖት አልመጣ፤
በአንዲት ቃል ተኳርፎ ከወንድምነት ወጣ።
ምንተስኖት ሲሸኝ ሲራጅ ከሩቅ ቆመ፤
እንዳያለቅስለት ኩርፊያ አፉን ለጎመ።»

ሙሾ ለቁም ሰው አይወርድም። ሟርት ነው፤ ይህን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። እሷ ግን ቀጠለች። የእያንዳንዱን ስም እየጠራች አለቀሰችለት፤ የላዩንም፣ የታቹንም። የአንዱን ሳቅ አነሣች፤ የአንዱን ድምፅ አነሣች፤ ድንጋይ የያዘውን ደግነቱን አነሣችለት። ድንጋዩ ከእጁ ወደቀ።

ሲራጅ «እትዬ፣ በሕይወት እያለን?» አላት።

«ታዲያ ስትሞቱ ልንገራችሁ?» አለችው።

ሁሉም ፈዘው አዩዋት። ያን ጊዜ ነው ከካሜራው በቀጭን ሽቦ ተያይዛ በእጇ የነበረችውን ቁልፍ በነጠላዋ ውስጥ የተጫነችው። ፎቶው ላይ ምን አይተው ነው ለምትሉት፣ ያዩት እሷን ነው።

በየአቅጣጫው ተበተኑ። ትርንጎ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። በኋላ ነው የሠራችው ሥራ ያስደነገጣት። ጎረቤቶቿ «በልጆቹ ላይ ሞት ጠራች» እያሉ አኮረፏት። ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣ ድረስ እህል አልበላ አላት። ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር «ማን ነው? ማን ነው?» እያለች ወደ ደጅ ትሮጥ ነበር።

ፎቶው ሲመጣ ልጆቹ ሊያዩ መጡ፤ የላዩም የታቹም፣ ጠባቧ ክፍል እስክትሞላ። እየተገፋፉ አዩ። ራሳቸውን ፈለጉ፤ አፋቸውን ከፍተው ሲያገኙት አፈሩ፤ ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ምንተስኖት ግን አልሳቀም። ፎቶው ላይ የራሱን እጅጌ እያየ ነው። አንድ እጅ እጅጌውን ጨምድዶ ይዞታል።

«ይህ የማን እጅ ነው?» አለ።

ሲራጅ ጎንበስ ብሎ አየ። እጁን ያወቀው በጠባሳው ነው። ሙሾው ሲወርድበት ደንግጦ የያዘው ወንድሙን ነበር፤ መያዙን ግን እሱም አላወቀም፣ ምንተስኖትም አላወቀም።

«የእኔ ነው» አለ። ምንተስኖት አንገቱን ይዞ ሳመው። ትርንጎ እንባዋን ለመደበቅ ካሜራዋን ትወለውል ጀመር።

እነሆ ከዚያ ወዲህ በዚያች ከተማ ራፐር ከራፐር ሊፋለም መድረክ ሲወጣ፣ ከስድቡ በፊት አንድ ወግ አለ። የተቀናቃኙን ፊት እያየ፣ በቀብሩ ቀን ሊልለት የሚችለውን አንድ ግጥም አስቀድሞ ይልለታል። ይህን ሳያደርግ የጀመረ እንደሆነ ሕዝቡ «የቁሙን! የቁሙን!» እያለ ያስቆመዋል። ነገሩ ከራፐር አልፎ ወደ ሰፈር ወጣ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድም ከወንድም ሲኳረፍ ሽማግሌዎቹ «በሉ መጀመሪያ የቁማችሁን ተባባሉ» ይላሉ።

ትርንጎ ስታረጅና አልጋ ስትይዝ ሁሉም እየመጡ የቁሟን ይሉላት ነበር። እሷም ዓይኗን ጨፍና ትሰማና «ይኸኛው ቤት አይመታም፤ ነገ አስተካክለህ ና» ትላቸዋለች። በማግሥቱ አስተካክለው ይመጣሉ። ብዙ አሰሟት፣ ብዙ ሰማች።

የሞተች ቀን ከተማው ሁሉ ወጣ። ያ ሁሉ ራፐር አለና ሕዝቡ ምን ዓይነት ሙሾ ሊወርድ ነው ብሎ ጆሮውን አቅንቶ ጠበቀ። ምንተስኖትና ሲራጅ ሬሳውን ከፊት ተሸክመው መጡ። አፈሩ ተመለሰ። እነሱ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም። አንዲት ለቀስተኛ ታዝባቸው «ምነው ልጆቼ፣ ላሳደገቻችሁ እናት አንድ ግጥም ይጥፋ?» አለቻቸው።

ሲራጅ ወንድሙን አየው፤ ከዚያ ሴትየዋን አያት።

«የቀረን የለም» አላት። «ሁሉንም ሰምታዋለች።»