በሌለበት የተመረጠው ጸሐፊ

አንድ ፍራሽ ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ዘርጋው ይባላል። በወጣትነቱ በከተማው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተምሮ ስለተመረቀ የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር አባል ነበር። አባልነቱ ምንም ጣጣ አልነበረውም። ጣጣው የመጣው በስብሰባ መሐል ስልኩ የጠራ ቀን ነው።

ማኅበሩ አንድ የቆየ ልማድ ነበረው። የቦርድ ምርጫ ሲደርስ በአዳራሹ የተቀመጠ ሁሉ "ጊዜ የለኝም" ይላል። አንዱ ሱቁን፣ ሌላው ስኳር በሽታውን፣ ሦስተኛው አማቱን ያነሳል። በመጨረሻ ሁሉም ተስማምተው የሚመርጡት በቦታው የሌለውን ሰው ነው፤ የሌለ ሰው መቼም እምቢ አይልም። ዘርጋው ስልኩን ሊያነሳ ለአምስት ደቂቃ ወጣ ብሎ ሲመለስ ጭብጨባ ተቀበለው። "እንኳን ደስ ያለህ፣ ጸሐፊ ሆነሃል!" አሉት።

ሌሎቹ ስድስት የቦርድ አባላትም የተመረጡት እንዲሁ ነበር። በሌለበት የተመረጠ ሰው ደግሞ የሚያገለግለውም በሌለበት ነው። ከሰባቱ መካከል ነገሩን የምር የያዘው ዘርጋው ብቻ ሆነ። አደራ ከተባለ ሆዱ የማያስችለው ዓይነት ሰው ነበርና።

የቦርዱ ዋና ሥራ ለተማሪዎች ቦታ መፈለግ ነው። የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ከመመረቁ በፊት ሁለት ወር በአንድ ድርጅት ውስጥ ሥራ መለማመድ አለበት፤ ቦታ ያላገኘ አይመረቅም። አባቱ ፋብሪካ ያለው፣ አጎቱ ባንክ የሚሠራ ተማሪ ቦታ አይቸግረውም። ዘመድ ለሌለው ተማሪ በር የሚያንኳኳለት ቦርዱ ነው። ቦርዱ ማለት ደግሞ ዘርጋው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ለሠራተኛው ትቶ ከሳሙና ፋብሪካው ወደ ዘይት መጭመቂያው፣ ከዚያም ወደ ዱቄት ፋብሪካው ይዞራል። ሥራ አስኪያጆቹ ደጅ ያስጠኑታል፤ እሱም ሳይሰለች ይጠናል። ያለ ደመወዝ፣ ያለ አበል፣ በገዛ ጫማው።

በስምንት ዓመት ውስጥ ቦታ አጥቶ የቀረ አንድም ተማሪ አልነበረም። በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ዘርጋው ይነሳና "የዘንድሮውም ተጠናቋል" ብሎ ይቀመጣል። ይጨበጨብለታል። ከዚያ አንዱ ተነስቶ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብሎ ይተርታል፤ ሃምሳውንም ሎሚ ለዘርጋው ትተውለት ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

በስምንተኛው ዓመት ግን ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ ከሚያስኬድ ከተማ የምትኖረው ብቸኛ ልጁ ወለደች። ባለቤቱ ሙሉነሽ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ተሳፍራ ትሄዳለች፤ ዘርጋው በር ሊያንኳኳ ይወጣል። ሕፃኗ ዘጠኝ ወር ሲሞላት አንድ ቅዳሜ እንደምንም ብሎ ሄደ። ሊያቅፋት ጠጋ ቢል ፊቱን አየችና ለቅሶዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ተቀብላ ስታቅፋት ጸጥ አለች። ዘርጋው ሆድ ባሰው።

ሲመለሱ ሙሉነሽ አውቶቡሱ ውስጥ እንዲህ አለችው፦ "አንተ ሰውዬ፣ አገር ምድሩ ያውቅሃል። የገዛ ልጅህ ልጅ ግን አታውቅህም።"

"ዘንድሮ እለቃለሁ" አለ።

"አምናም ብለህ ነበር።"

"አምና የልጅ ልጅ አልነበረችኝም።"

ለጉባኤው አንድ ወር ቀርቶት ነበርና ዘርጋው መላ መምታት ጀመረ። በማኅበሩ ደንብ ጸሐፊ የሚሰናበተው ሌላ ጸሐፊ ሲመረጥ ነው። እንግዲያው በእሱ የተሠራበትን እሱም በሌላ ሊሠራ አሰበ። እንደ ወትሮው ብዙ ሰው ይቀራል፤ ከቀሩት አንዱን ይጠቁማል፤ ይጨበጨባል፤ በቃ። ደግ ሰውም ሲቸግረው ተንኮል ያምረዋል።

ወሬ ግን አይደበቅም። "ዘርጋው ሊለቅ ነው፤ ከስብሰባ የቀረ ወዮለት!" የሚል ወሬ ከተማውን አዳረሰ። በጉባኤው ዕለት ዘርጋው አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ዓይኑን ማመን አቃተው። ሰማንያ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ሁለት መቶ ሰው ታጭቋል። ለዓመታት ፊታቸው ያልታየ ሰዎች፣ የቦርዱ ሊቀመንበር ሳይቀር፣ ከፊት ወንበር ይዘዋል። መጀመሪያ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ግን ነገሩ ገባው። የቀረ ሰው የለም፤ ስለዚህ የሚመረጥ ሰው የለም።

እንዲህ ያለ ስብሰባ ታይቶ አይታወቅም። ስልክ ይጮኻል፤ ሊያነሳ የሚወጣ የለም። አንድ ወፍራም የጨርቃ ጨርቅ አስመጪ ሽንቱ ወጥሮት እግሩን እያነባበረ ላብ በላብ ሆነ እንጂ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና "እንግዲህ ጸሐፊ እንምረጥ። ፈቃደኛ የሆነ?" አለ። ሁሉም ጭጭ። ደግሞ ጠየቀ፤ አሁንም ጭጭ። በመጨረሻ አስመጪው ከጭንቁ ለመገላገል ሲል "ጋሽ ዘርጋው ይቀጥሉልን! ልምድ አላቸው!" ብሎ ጮኸ። ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው።

የዘርጋው ወሽመጥ ቁርጥ አለ። በስምንት ዓመት ውስጥ በስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ብድግ ብሎ "አልቀጥልም!" አለ። "የዘጠኝ ወር የልጅ ልጅ አለችኝ። ላቅፋት ብል ሌባ እንዳየች ጮኸችብኝ። የሰው ልጆች ይዤ ስዞር የእኔዋ ሳታውቀኝ ልታድግ ነው። የሰባት ሰው ሥራ ብቻዬን ስሠራ አንድ ቀን 'ደክሞሃል' ያለኝ ሰው የለም!" የተሰበሰበው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

ከመሐል አንዲት ሴት ተነሳች። ትርሲት ትባላለች፤ የማተሚያ ቤት ባለቤት ናት። "ጋሽ ዘርጋው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች። "በየዓመቱ 'ተጠናቋል' ይሉናል። እንዴት እንደተጠናቀቀ ነግረውን ያውቃሉ? እኛ እኮ በሁለት ስልክ የሚያልቅ ነገር ይመስለን ነበር። ለመሆኑ አንድ ቀን 'አግዙኝ' ብለውናል?"

ዘርጋው ተናደደ። "ይሄም ይነገራል እንዴ?" ሊል አፉን ከፈተ። ነገር ግን ስምንቱን ዓመት መለስ ብሎ ቢያስብ፣ "አግዙኝ" ያለበት አንድም ቀን ትዝ አላለውም። ሰው ማስቸገር ነውር ይመስለው ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ፣ "ተጠናቋል" ሲል የሚሰማው ጭብጨባም ይጥመው ነበር።

ከኪሱ ደብተሩን አወጣ። "ለመጪው ዓመት ቦታ የሚፈልጉ አርባ አንድ ተማሪዎች አሉ" አለ በዝግታ። ከዚያም ምላሱ ላይ የከበደውን ቃል አወጣው። "አግዙኝ።"

"ስማቸውን ያንብቡልን" አለች ትርሲት።

የመጀመሪያውን አነበበ። አባቱ የሞተበት፣ ከሒሳብ ጋር የሚዋደድ ልጅ ነው። "እሱ የእኔ ነው" አለች። ሁለተኛውን አነበበ። ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ሁለት እጅ። ጸሐፊ ሁን ሲባል አማቱን የሚያነሳው ሁሉ፣ አንድ ልጅ ውሰድ ሲባል እጁን ያነሳ ጀመር። ከሃያኛው ስም በኋላ ነገሩ ሽሚያ ሆነ። አስመጪው ሦስት ልጆች ከያዘ በኋላ ነው ወደ መጸዳጃ ቤት የሮጠው። አርባ አንዱ ሲያልቅ "ለእኛስ?" ብለው የተቆጡ ነበሩ።

ጸሐፊነቱን ትርሲት ተቀበለች። "እኔ ግን እንደ ጋሽ ዘርጋው ጨዋ አይደለሁም፤ ቤታችሁ ድረስ መጥቼ ነው የምጨቀጭቃችሁ" አለች። ሳቁና አጨበጨቡ። በማኅበሩ ታሪክ በአዳራሹ ተቀምጦ የተመረጠ የመጀመሪያው የቦርድ አባል እሷ ሆነች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘርጋው ከሙሉነሽ ጋር አውቶቡስ ተሳፈረ። ሕፃኗ አለቀሰችበት። በሁለተኛው ቅዳሜም አለቀሰችበት፤ በዚያ ላይ ትርሲት ደወለች። "ቤቱ ከዘይት መጭመቂያው አጠገብ የሆነ አንድ ተማሪ ዘግይቶ መጣ፤ ሥራ አስኪያጁ ግን እምቢ አለኝ፤ ምን ይሻለኛል?"

"ቁርስ ሳይበላ ሄደሽበት ነዋ! ከአራት ሰዓት በኋላ ተመለሽ፤ ሌላ ሰው ሆኖ ታገኚዋለሽ" አላት። ሙሉነሽ ገላመጠችው። እሱም ስልኩን ኪሱ ከተተ።

በአራተኛው ቅዳሜ ከበሩ ሲገባ ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየችው። አላለቀሰችም። እየዳኸች መጣችና የሱሪውን ጫፍ ጨብጣ ለመቆም ታገለች። ስምንት ዓመት የተጨበጨበለት ሰው ያን ዕለት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በየማኅበሩ፣ በየዕድሩ፣ በየወላጅ ኮሚቴው አንድ ዘርጋው አይጠፋም። ደግ ሰው ሸክሙን ዝም ብሎ ሲሸከም ሸክሙ ቀላል ይመስለናል፤ እሱም ዝም ባለ ቁጥር ከቤቱ እየራቀ ይሄዳል። ሹመቱን የሚሸሸው ሁሉ ልበ ደረቅ አይደለም፤ የሚችለውን ያህል ቆርሶ የሚሰጠው አጥቶ ነው። ስለዚህ ዘርጋው ከሆናችሁ፣ ሳይመርራችሁ በፊት "አግዙኝ" በሉ። ካልሆናችሁ ደግሞ እስቲ ይህን አስቡ፦ የራሱን ቅዳሜ ሰጥቶ የእናንተን ቅዳሜ ያተረፈላችሁ ሰው ማን ነው? ባለፈው ስብሰባ እጃችሁን ያወጣችሁት እሱን ለማገዝ ነበር ወይስ "ይቀጥሉልን" ለማለት?