ከኮርቻው ሥር የተደበቀው ጨው

አንድ ጊዜ፣ አህያና ጅብ በአንድ ሜዳ ውለው ሳይበላሉ ያድሩ ነበር ብላችሁ ማን ያምናችኋል? ባታምኑም አይፈረድባችሁም፤ ጅቡ ራሱ አንዳንዴ ማመን ያቅተው ነበር። ነገር ግን በዋርካ ሜዳ እንዲህ ያለ ዘመን ነበረ። ሰላሙን ያቆየው የአያ አንበሶ ክርን ብቻ አልነበረም፤ ጨውም ነበረ።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ቡላ የሚባል አህያ ወደ ቆላ ይወርድና አንድ ትልቅ አሞሌ ጨው ተሸክሞ ይመጣል። አሞሌው ከዋርካው ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያድርና በማግስቱ ሁሉም በየተራው ይልሳል። ተራው የታወቀ ነው። በዚያ ዓመት የወለደች እናት ትቀድማለች፤ ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች ይከተላሉ፤ ከዚያ ሌላው ይልሳል። ጨዉን ያመጣው አህያ ግን የመጨረሻው ነው። «አምጪ አይቅደም» ይላል የሜዳው ሕግ። ጨዉ ሳይላስም ኮርቻው ከጀርባው አይወርድም።

ተልሶ ሲያበቃ እማማ ዳለቻ የምትባለው ላም የኮርቻውን ጠፍር በጥርሷ ትፈታለታለች። ከዚያ ሁሉም ወደ አቧራው ወርዶ አብሮ ይንከባለላል። ከዓመቱ ቀን ሁሉ ቡላ የሚወደው ይህን ነበር። የዛለ ጀርባውን አቧራው ላይ ጥሎ፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ እያወራጨ፣ ከግራው በሬ ከቀኙ ፍየል እየተጋፋው ሲንከባለል ድካሙ ሁሉ ይረሳው ነበር። አብሮ የተንከባለለ ወገን ነው፤ በዚያ ሜዳ ከዚህ የበለጠ ዝምድና አልነበረም።

ታዲያ በዚያ ዓመት መንገዱ ረዘመበት፤ ቆላውም አቃጠለው። አሞሌውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ጋደም ቢልም እንቅልፍ እምቢ አለው። «ተሸካሚው እኔ፣ የመጨረሻው ላሽ እኔ» ሲል አጉረመረመ። ጎህ ሊቀድ ሲል ሜዳውን ጉም ሸፈነው። ቡላ ተነሣና ወደ ድንጋዩ ቀረበ።

«አንዴ ብቻ ብልሰው ማን ያየኛል?» አለ።

ላሰ። ጣፈጠው። ደገመ። ወዲያው ከጉሙ ውስጥ የእማማ ዳለቻ ድምፅ ተሰማ፤ ገና በቅርቡ የወለደቻትን ጥጃ እየመራች፣ ተራዋ የመጀመሪያው ነውና ቀድማ መምጣቷ ነበር። ቡላ ደነገጠ። ዘወር ብሎ ቢሄድ ማንም ምንም አይለው ነበር፤ የደነገጠ ልብ ግን መቼ ያስባል! አሞሌውን በጥርሱ ነክሶ፣ አንገቱን ጠምዝዞ፣ ከኮርቻው ሥር ካለው ድሪቶ ውስጥ ወሸቀውና በጉሙ ተሸፍኖ ዞር አለ። «ኋላ ሁሉም ሲበተን እመልሰዋለሁ» አለ በልቡ። ልብ እንዲህ ያለ ቃል ለመግባት ቸር ነው።

ፀሐይ ስትወጣ ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ጨው የለም! አያ አንበሶ ከዋርካው ሥር ተቀምጦ ችሎት ዘረጋ። እመት ቀበሮም አፈ ጮሌ ናትና ማንም ሳይጠራት መሐል ገባች።

«ጌታዬ፣ ምን ያደክምዎታል? ዱካው ይኸው ነው! በድንጋዩ ዙሪያ ያለው ሁሉ የአያ ጅቦ እግር ነው።»

«አያ ጅቦ፣ ጨዉን በልተኸዋል?» አለ አንበሳው።

አያ ጅቦ ራሱን አከከ። «እኔ እንጃ ጌታዬ። ማምሻውን መጥቼ አሽትቼው ነበር። ከዚያ ተኛሁ። ስነሣ ሆዴ ባዶ ነበር፤ ሆዴ ግን በልቼም ባዶ ነው።»

«ሰማችሁ? አልበላሁም አላለም!» አለች ቀበሮ።

«በእንቅልፌ በልቼው ይሆናል» አለ አያ ጅቦ በጣም እያዘነ። «አንድ ነገር ጠፋ ሲባል መጨረሻው የእኔ ሆድ ነው።»

አንዳንዱ ሳቀ፤ የሚበዛው ተቆጣ። ቡላ ከኋላ ቆሞ ነበር። አያ ጅቦ ወደ ታችኛው ሸለቆ እንዲባረር ተፈረደ። ጅራቱን ከእግሮቹ መካከል ሸጉጦ ሲሄድ ቡላን አየውና «ደህና ሁን ወንድሜ፤ ድካምህን አባከንኩብህ፤ ይቅር በለኝ» አለው። ቡላ ጆሮውን ጥሎ መሬት መሬቱን አየ።

ማታ ሁሉም ወደ አቧራው ወረደ። እማማ ዳለቻም እንደ ልማዷ መጣች።

«ና ልጄ፣ ጠፍርህን ልፍታልህ። ጨዉ ባይላስም አንተ ምን አጠፋህ?»

«ብርድ ይዞኛል እማማ። ዛሬ ይቆይ።»

በማግስቱም ይቆይ አለ። በሦስተኛውም። ለካ ጨዉ በመራመድ ብዛት እየተንሸራተተ ገብቶ ጥርሱ የማይደርስበት ቦታ ተቀምጧል። ብቻውን ሊያወጣው አይችልም፤ በሌላ እጅ ደግሞ እንዴት ያስወጣው? ላቡ ጨዉን እያሟሟ ቆዳውን ላጠው፤ ጀርባው ገጠበ፤ የገጠበው ላይ እንደገና ጨዉ እየገባ ያንገበግበው ጀመር። ሲቆም ያመዋል፤ ሲተኛ ይብስበታል። ሌሎቹ አቧራው ላይ እየተሳሳቁ ሲንከባለሉ እርሱ ኮርቻውን እንደ ተሸከመ ከዳር ቆሞ ያያል። ማንም አላባረረውም። ስሙን እየጠሩ «ና እንጂ ቡላ!» ይሉታል። ያም ጥሪ ከመባረር ይልቅ አንጀቱን ይበላው ነበር፤ የሚጠሩት ሌላ ቡላ ነበርና።

የእማማ ዳለቻ ጥጃ በጨው እጦት ከስታ ነበር። ግንድ ሆነ ድንጋይ፣ ያገኘችውን ሁሉ ትልሳለች። አንድ ቀን የቡላን ጎን ላሰችው። ጨው ጨው አላት! ከዚያ ወዲያ ከእርሱ አልለይ አለች፤ በሄደበት እየተከተለች፣ ምላሷን እያወጣች ወደ ጎኑ ትጠጋለች።

ቡላ፣ ይቺ ልጅ ጉዴን ልታወጣብኝ ነው ብሎ ፈራና በኋላ እግሩ ረገጣት።

ጥጃዋ ተንከባልላ ወደቀች። እማማ ዳለቻ ሮጣ መጣች። ልጇን በአፍንጫዋ ደግፋ ካስነሣች በኋላ ቡላን ትክ ብላ አየችው።

«ቡላ፣ አንተ እንዲህ አልነበርክም» አለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ምንህን ነው የሚያምህ?»

«ተዉኝ! ምንም አያመኝም! ልጅዎን ያዙልኝ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ና» የሚለው ጠፋ። ቡላም አንድ ማለዳ ማንንም ሳይሰናበት ወደ ታችኛው ሸለቆ ወረደ። የት እንደሚሄድ አያውቅም፤ ማንም የማያየው ቦታ ብቻ ነበር የፈለገው።

ሸለቆው ግን ባለቤት ነበረው። ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ጭርር ጭርር የሚል ድምፅ ሰምቶ ቀና ሲል አያ ጅቦ ነጭ ድንጋይ በሁለት እግሩ ይዞ ይልሳል። አንዱን ልሶ «ድንጋይ» ይልና ይጥላል፤ ሌላውን አንሥቶ ይልስና ደግሞ «ድንጋይ» ይላል። ምላሱ ተልጦ ደም ያዥ ነበር። ጎኑ ደግሞ የጎድን አጥንቱ እስኪቆጠር ድረስ ገብቷል።

«አያ ጅቦ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

ጅቡ ደስ ብሎት ዘሎ ተነሣ። «ቡላ! እሰይ፣ ዘመድ መጣ! ጨው እየፈለግሁ ነዋ። ጨው ነጭ አይደል? ከእነዚህ ነጭ ድንጋዮች መካከል አንድ ጨው አይጠፋም። ሳገኘው ለእማማ ዳለቻ እወስድላታለሁ። ንስሐ ገብቻለሁ ወንድሜ። መብላቴ ባይታወሰኝም ንስሐ መግባት ይቻላል አይደል?»

ቡላ ወደ እርሱ ተጠጋ።

«ግን ትንሽ ራቅ በል» አለ አያ ጅቦ፣ አፍንጫውን እያሸ። «የቁስል ሽታ ይሸተኛል፤ አፌ ውሃ ሞላ። ጾም ላይ ነኝ፤ አታሳስተኝ።»

ቡላ ግን አልራቀም። እዚያው ተንበረከከ።

«አልበላኸውም።»

«ምኑን?»

«ጨዉን። አንተ አልበላኸውም።»

«ኧረ በልቻለሁ! አያ አንበሶ ነው እኮ የፈረደው!»

«ጠፍሬን በጥስና እየው» አለ ቡላ።

አህያ ለጅብ ሆዱን ሲሰጥ ያየ አለ? ጠፍሩ ያለው ከሆዱ ሥር ነው። የጅቡ ትንፋሽ ሆዱን ሲሞቀው ቡላ ዐይኑን ጨፈነ። ቢበላኝም ይገባኛል ብሎ ነበር። የጅቡ ጥርስ ተንኳኳ፤ ጠፍሩ ተበጠሰ፤ ኮርቻው ከነድሪቶው ከቁስሉ ላይ እየተላቀቀ ወደቀ። ከድሪቶውም ውስጥ ደም ያቀላው፣ ግማሹ የሟሟ አሞሌ ተንከባልሎ ወጣ።

አያ ጅቦ አሸተተው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «አልበላሁትም ማለት ነው!» ብሎ ሸለቆው እስኪያስተጋባ ጮኸ፤ ዘለለ፤ በራሱ ጅራት ዙሪያ ዞረ። ሲደክመው ቆም አለና ነገሩ ቀስ እያለ ገባው።

«ታዲያ ሌባው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ስባረር ቆመህ አየኸኝ?»

«አየሁህ።»

ጅቡ ቁጭ አለ። ማሰብ አይወድም፤ ያን ቀን ግን አሰበ። ቡላ የጥርሱን ድምፅ ይጠባበቅ ነበር።

«እኔስ ብቻዬን መሆኔን አውቄ ብቻዬን ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «አንተ በሁሉ መካከል ሆነህ ብቻህን ነበርክ። ያንተው ይብሳል። ተነሣ እንሂድ።»

«ያባርሩኛል።»

«ለምን ብለው? ንስሐውን እኔ ገብቼ የለ? ለአንድ ጨው ሁለት ጊዜ ንስሐ የት አገር ነው የሚገባው?»

ጅብ ሞኝ ነው ይባላል። ይሁን፤ ሞኝ ነው እንበል። ኮርቻውን በአፉ እየጎተተ ቀድሞ ሄደ፤ ቡላም ጨዉን በጥርሱ ይዞ፣ የገጠበ ጀርባውን ፀሐይና ዝንብ እያየው፣ ተከተለው።

ዋርካው ሥር ሲደርሱ ሜዳው ሁሉ ተሰበሰበ። ቡላ ጨዉን ድንጋዩ ላይ አኖረና ምንም ሳያስቀር ተናገረ። የጉሙን ነገር፣ የጅቡን ነገር፣ ጥጃዋን የረገጠበትንም ነገር። እመት ቀበሮም እንደ ልማዷ መሐል ገባች።

«እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር! ጌታዬ፣ ይባረር! ሸለቆው እንደሁ ባዶ ነው።»

አያ አንበሶ አንገቱን ደፋ። «እኔም በፍርዴ ስቻለሁና ዛሬ ብቻዬን አልፈርድም። አያ ጅቦ፣ በድለንሃል።»

«ምንም አይደል ጌታዬ» አለ ጅቡ። «ቦታው ሰፊ ነበር። የሚያጫውት ብቻ አልነበረበትም።»

«እንግዲህ የመጀመሪያዋ ላሽ እማማ ዳለቻ ነበረች» አለ አንበሳው። «ተራዋን የተቀማች እርሷ፣ ልጇም የተረገጠችባት እርሷ ናት። እርሷ ትፍረድ።»

እማማ ዳለቻ ቀስ ብላ ወጣች። በድንጋዩ አጠገብ አለፈች፤ ጨዉን አላየችውም። ቡላን ዞረችው። ጀርባውን ስታይ ቆም አለች። ቁስሉ ጥልቅ ነው፤ በዳር በዳሩ ጨው ደርቆበታል። ቡላ ቀንዷን እየጠበቀ ሰውነቱን አጠነከረ።

እርሷ ግን ምላሷን አውጥታ ቁስሉን ላሰችው።

ጨው ጨው አለ። ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው ጨው ነው። የማን ጨው እንደሆነ፣ ስንት እንባ እንዳስከተለ ምላሷ ላይ አወቀችው፤ መላሱን ግን አላቆመችም። በደንብ እስኪጠራ ድረስ፣ እናት ገና የወለደችውን እንደምትልስ፣ ከላይ እስከ ታች ላሰችው።

«ይኸው፣ ተራዬ ደረሰኝ» አለች።

ቡላ አለቀሰ። ያን ሁሉ ቀን ከዳር ቆሞ የያዘው እንባ ወረደ። ጥጃዋም ከእናቷ ኋላ ብቅ አለችና፣ ፈራ ተባ እያለች ወደ ጎኑ ተጠጋች። ቡላ እግሩን ከመሬት አላነቃነቀም። ላሰችው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሕመምተኞቹም መጡ። አያ ጅቦም ምላሱን አውጥቶ ወደ ጀርባው ሲጠጋ ሜዳው በአንድ ድምፅ «አያ ጅቦ፣ አንተ እንኳ ይቅርብህ!» ብሎ ጮኸ፤ እርሱም «እውነት ነው፣ እኔ እንኳ ይቅርብኝ» ብሎ ድንጋዩ ላይ ያለውን ሊልስ ሄደ።

ማታ ሁሉም ወደ አቧራው ወረደ። ቡላ ቁስሉ ገና ነውና መንከባለል አልቻለም። ኮርቻ በሌለው ጀርባው ከመካከላቸው ተኛ፤ አያ ጅቦም ከጎኑ ሆኖ «ለጊዜው ባንተ ፈንታ እኔ ልንከባለልልህ» እያለ አቧራውን ያቦን ጀመር።

ከዚህ የምንማረው፣ የሸሸግነው ኃጢአት ከኮርቻ ሥር እንዳለ ጨው ጀርባችንን እየላጠ በወገን መካከል ብቻችንን እንደሚያስቀረን፣ ገልጠን ያሳየነው ቁስል ግን ጨዉን እያወቀ የሚልሰው የምሕረት ምላስ እንደማያጣ ነው።