ሦስት ስም ያላት ቀይ መኪና

መኪና እኔን አትዋሸኝም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፣ እሱን እዚህ ጉባኤ የተቀመጣችሁ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ከኋላዋ አሳዩኝ፣ ጭቃ ለብሳም ቢሆን አሳዩኝ፤ ማን እንደሠራት እነግራችኋለሁ። ሴት ብሆንም የምሠራው እዚሁ ድሬዳዋ አጎቴ ጋራዥ ነው። አሮጌ ቀለም እፍቃለሁ፣ አዲስ ቀለም እረጫለሁ።

እሺ። አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፣ የሰፈራችን ሰው ነው። አንድ ቀን ትንሽ ቀይ መኪና በገመድ አስጎትቶ መጣ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ዝቅ ያለች የእሽቅድምድም መኪና። አባቱ ሲሞቱ ያወረሱት ናት። ግንባሯ ላይ «ፋልኮኔ» የሚል የነሐስ አርማ አለ፤ ሊብሬዋም ላይ ፋልኮኔ ይላል።

«ፋልኮኔማ የጣሊያን ናት፣ ስንት ውድድር ያሸነፈች» አልኩት። ከየት አመጣሁት? ከአፌ።

የሰውየው ፊት ግን አልፈታም። «ቦሎ ላሳድስ ስሄድ የሻንሲ ቁጥሯና ሊብሬው አይገናኝም አሉኝ» አለ። «በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ማን እንደሠራት፣ አባትህም ከየት እንዳመጣት ማስረጃ አቅርብ፣ አለዚያ ሰሌዳዋን እንፈታለን አሉ።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መኪናዋስ ትቅር። አባቴ ሰርቆ ይሆን ያመጣት? እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።»

አያችሁ? ጭንቀቱ የመኪና ነው? አይደለም። የአባት ነው።

ፍለጋ ጀመርን። ስልኬ ላይ ፋልኮኔ የሚባል የእሽቅድምድም መኪና ፈለግሁ፤ የለም። አርማውን በካቻቢቴ ፈታሁት። ቀዩን ቀለም ስፍቅ ከሥሩ አረንጓዴ መጣ። አረንጓዴው ላይ የቀድሞ አርማ የነበረበት፣ ፀሐይ ያልነካው ክብ ምልክት አለ፣ መሃሉ ላይ «ሎርን» የሚል ስም አርፎበታል። ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ብረት ስፍቅ ደግሞ ሌላ ስም ተመትቶበት አገኘሁ፤ «ሃርዊክ» ይላል።

ፋልኮኔ። ሎርን። ሃርዊክ። አንዲት መኪና፣ ሦስት ስም።

እኔ ደስታዬ ሌላ ነው። በየቀኑ አዲስ ታሪክ አወጣላታለሁ። አንድ ቀን ሎርን ነው የሠራት እላለሁ፣ በማግስቱ ሃርዊክ ሞተሯን ብቻ ነው የሠራው እላለሁ። ሰውየው ግን ፊቱ በየቀኑ እየጠቆረ ሄደ። በዘጠነኛው ቀን «ሦስት ስም የሚያስፈልገው ለሌባ ነው» አለና መኪናዋን ሊያስጎትት ገመዱን አነሳ።

ይኼኔ ጋሽ ሙክታር ጋራዡ ደጃፍ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተነሱ። ጋሽ ሙክታር ባትላሜ ነበሩ፤ የዚህን ከተማ መኪና ላሜራ ሲቀጠቅጡ ነው ያረጁት። አሁን ሥራ ትተዋል፣ ግን ሳይመጡ አይውሉም።

«አንተ፣ አባትህን አትማው» አሉት። «የሠራት ሃርዊክ የሚባል ትንሽ ፋብሪካ ነው። ሎርን የሚባለው ትልቁ ገዛውና የራሱን አርማ ለጠፈባት። የሠራት እጅ ያው እጅ ነው። አባትህ ሎርን ብሎ ገዛት። ከዚያ በደንገጎ ዳገት ሲወጣ ግመል ገጨና አርማዋ ደቀቀ። ባዶ ግንባሯን ይዣት አልሄድም ብሎ ለመነኝ። የብርቱካኑ እርሻ የጣለው የውሃ ፓምፕ ነበር፤ የሱን ስም ነቅዬ መታሁባት።»

«የፓምፕ ስም?» አልኩ።

«ከነቁጥሩ። ሊብሬው ሲቀየር ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ ሻንሲዋን ማየት ታከተውና ከግንባሯ ላይ ገለበጠ።»

«ማስረጃስ?» አለ ሰውየው።

«ቤት ቢቀመጥ ምስጥ ይበላዋል ብሎ ወንበሯ ውስጥ አሰፍቶኛል።»

ወንበሩን ቀደድነው። የጉምሩክ ዴክላራሲዮን፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። በሃርዊክ ተሠርታ በሎርን ስም የተሸጠች ይላል። የሻንሲዋ ቁጥር አለ። ከታች የአባቱ ስም አለ፣ ከነአያቱ። ሰውየው ወረቀቱን እንደያዘ መሪዋ ላይ ተደፋ። «አባዬን ጠረጠርኩት» አለ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። መሬት መሬት አትዩ።

እናንተስ ግንባራችሁ ላይ የማን ስም ነው የተለጠፈው? «አትረቢም» ያለሽ ማነው? እሱ ነው የሠራሽ? «ይኼማ ያው የዘሩን ነው» ያለህ ማነው? እሱ ነው የሠራህ? አንዱ ቸኩሎ ከተጣለ ፓምፕ የነቀለውን ስም መታባችሁ። ሌላው ጎንበስ ብሎ ማየት ታከተውና ገለበጠው። እናንተ ደግሞ አመናችሁ! እኔም «ደንቆሮ» ብለውኝ ያመንኩበት ጊዜ አለ፣ እንዲህ ስለፈልፍ ብታዩኝም።

የሠራን ጌታ ግን ስሙን ግንባር ላይ አልለጠፈም። ከቀለሙ ሥር፣ ብረቱ ላይ ነው የመታው። ቀለም ቢደረብበት አይጠፋም። ግመል ቢገጭ አይረግፍም። ስንት ሰው ቢሸጣችሁ፣ ስንት ሰው ቢገዛችሁ፣ የሠራችሁ እጅ ያው እጅ ነው። ታዲያ ማን እንደሆናችሁ ለማወቅ የማትጠይቁት ሰው የለም፤ ለምን እሱን አትጠይቁትም? ሩቅ ነው? አጠገባችሁ ነው ያለው።

ይኼን ሁሉ የዚያን ቀን ለጋሽ ሙክታርም በሰፊው ሰብኬላቸው ነበር። ስጨርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝና ጠየቅኋቸው።

«ጋሽዬ፣ ሁሉን እያወቁ፣ ሰውየው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲጨነቅ እያዩ፣ ምነው ሳይነግሩን ቆዩ?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ዝም እስክትዪ እየጠበቅሁ ነበር» አሉ።