«ባዶ አይመልስም»

አንዲት ሴት ነበረች፤ ለሆስፒታሎች የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትጽፍ። በሥራዋ የተከበረች።

አንድ ፕሮግራም ጻፈች። የታካሚውን ካርድ ቁጥር ሲሰጡት፣ የደም ዓይነቱ የተመዘገበበትን ቦታ ይጠቁማል። መዝገቡ ከሌለስ? የሚጠቁመው ነገር ስለሌለው ባዶ ይመልሳል። ያንን ባዶ ሳያጣራ የሚከተል ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

መሥሪያ ቤቱ የተጻፈውን ሁሉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት አንብቦ ስህተት የሚለቅም መፈተሻ ፕሮግራም ነበረው። መፈተሻው አርባ ቦታ ላይ «ይህ ባዶ ሊመልስ ይችላል» እያለ አስጠነቀቃት። ሰለቻት። የማስረከቢያው ቀንም ደርሷል። ከፕሮግራሙ አናት ላይ አንዲት መስመር ጻፈች፦ «ባዶ አይመልስም።»

መፈተሻው ምን አደረገ? አመናት። አርባውም ማስጠንቀቂያ ጠፋ። ወገኖቼ፣ ባዶውስ ጠፋ? አልጠፋም። ዝም ያለው መፈተሻው ነው።

አቤኔዘር የሚባል ባልደረባዋም ያችን መስመር አንብቦ አመናት፤ ባዶውን ሳያጣራ የራሱን ፕሮግራም በእሷው ላይ ሠራ።

ከወራት በኋላ አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ሆስፒታል ገባች። የደም ዓይነቷ አልተመዘገበም ነበር። የአቤኔዘር ፕሮግራም ባዶውን ተከትሎ ቆመ። ነርሶቹ በወረቀት አጣርተው ደም እስኪያመጡ ሃያ ደቂቃ አለፈ። እናትየዋ ተረፈች፤ ማህፀኗ ግን ወጣ።

በስብሰባው ላይ አለቃቸው «እንዴት ሳታጣራ ትሠራለህ?» ብለው በአቤኔዘር ላይ ጮኹ። አንገቱን ደፋ። ሴትየዋ አጠገቡ ተቀምጣለች። ምንም አልተናገረችም።

በሦስተኛው ቀን ወደ እሱ ሄደች።

«አቤኔዘር፣ ያችን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አላት። «ስምሽ እኮ አለበት። ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ስጠብቅሽ ነበር።»

የምትገባበት አጣች። አለቃቸው ዘንድ ገብታ ሁሉንም ተናገረች፤ መስመሯን ሰረዘች። አርባው ማስጠንቀቂያ ተመልሶ መጣ፤ አንድ በአንድ አስተካከለችው። የዚያች እናት ማህፀን ግን አልተመለሰም።

ወገኖቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ቀና ብዬ አይደለም። «መጋቢ፣ ጸሎት እንዴት ነው?» ስትሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ የመለስኩላችሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ያልተንበረከክሁባቸው ሳምንታት አሉ። እናንተም አምናችሁኛል። አፍራለሁ።

እናንተስ? ቃላችሁን አምኖ ሳያጣራ የሚራመድ ማን ነው? ሚስትህ? ልጅሽ? በእናንተ ጥፋት ዛሬ አንገቱን የደፋ ማን ነው?

ምናልባት ያውቃል። አውቆም ዝም ብሎ ይሆናል።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ቤታችሁ ሳትገቡ፣ መጀመሪያ ወደ እሱ ሂዱ።