ዳልቻ አህያና የእስስቷ ቤት ልክ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ አልፎ መስኩ በአበባ፣ አየሩም በዝንብ በሞላበት ሰሞን፣ ዳልቻ የሚባል አህያ ከወንዝ ዳር ካለ ሾላ ሥር ቆሞ መከራውን ያይ ነበር። ዳልቻ ብዙ ዓመት ጨው ሲጭን ኖሮ ነው ወደዚያ የኮበለለው። ጭነቱን ጥሎ ቢመጣም ጭነቱ የላጠው ጀርባው አብሮት መጥቷል። ቁስሉ ላይ ዝንቦች ከማለዳ እስከ ማታ ይሰፍራሉ። በጅራቱ ሲያባርራቸው ወደ ትከሻው ይወጣሉ፤ ራሱን ሲነቀንቅ ወደ ጀርባው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ነፋስ ተነሣና ከሾላው ላይ ቀጭን ቅርንጫፍ ገንጥሎ ጀርባው ላይ ጣለበት። ዳልቻ ደንግጦ ሊያራግፈው ሲል «ጧ» የሚል ትንሽ ድምፅ ሰማ። ቆይቶ ደግሞ «ጧ»። ከዚያ የዝንቦቹ ጥዝጥዝታ እየቀነሰ ሄደ።

«ማነው እዚያ ላይ ያለው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ... ነኝ» አለ የተጎተተ ድምፅ። «እስስት... ነኝ። ቅርንጫፉ ይዞኝ... ወደቀ። ካልከበድኩህ... እዚህ ልቆይ። ምግብ... አለ።»

ያን ሁሉ ጨው የተሸከመ ጀርባ ነውና ነገሩ ዳልቻን አሳቀው። «አንቺ ደግሞ ምን ትከብጂኛለሽ? እስከፈለግሽ ድረስ ተቀመጪ» አላት።

በሳምንት ውስጥ ቁስሉ መሻር ጀመረ። ዳልቻ ሣር ሲግጥ እሷ ጀርባው ላይ ሆና አንዱን ዓይኗን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ እያዞረች ዝንብ ትለቅማለች። ዳልቻ ጀርባው ላይ ወጥቶ የጠቀመው ፍጡር አይቶ አያውቅም ነበርና ወደዳት።

ታዲያ አንድ ረፋድ ላይ ጭልፊት ከሰማይ ተወርውሮ መጣ። ዳልቻ በጊዜ ባይዘል ኖሮ ይዟት ሄዶ ነበር። ጥፍሩ የጅራቷን ጫፍ ብቻ ነክቶ አለፈ።

ዳልቻ ቀኑን ሙሉ ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ ዋለና «ቤት እሠራልሻለሁ» አላት። «ጭልፊት የማይገባበት ቤት።»

«ቤት... ከሆነ...» አለች እስስት፤ «እኔ... የምፈልገው...»

እስስት የምትናገረው እንደምትራመደው ነው። አንድ ቃል ታነሣለች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ታወዛውዘዋለች፣ ከዚያ ታሳርፈዋለች። የሚቀጥለውን ቃል ሳታሳርፍ ዳልቻ ቤት ፍለጋ ሄዶ ነበር።

ከመንገድ ዳር የተጣለ ቅል አገኘ። ዳልቻ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያደገው መዞር በማይቻልበት ጋጥ ውስጥ ነበር። እዚያ ከሌሎች አህዮች ጋር ተጣብቆ ሲያድር ይሞቀው ስለነበር፣ ጥሩ ቤት ማለት ለእሱ ጠባብና ሞቃት ቤት ነው። ስለዚህ ቅሉ ውስጥ ደረቅ ሣር ጎዘጎዘ፤ እስስትን አስገባት፤ አፉንም በሣር ወተፈው።

በመጀመሪያው ቀን እስስት ቡናማ ሆነች። በሁለተኛው ቀን ጠቆረች። በሦስተኛው ቀን ከሰል መሰለች። ጅራቷን የምትዘረጋበት ስፍራ የላትም። ዳልቻ ዝንብ አባርሮ ቢያስገባላት ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን ሆንሽብኝ?» አላት።

«ነፋስ... የለም» አለች። «እኔ... የምፈልገው...»

«ገባኝ፣ ጠቦሽ ነው» አለና ምክር ፍለጋ ሮጠ።

ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ አያ ጅቦ ከድንጋይ ጥላ ሥር ተጋድሞ ነበር። ዳልቻን ሲያይ ምራቁ ሞላ። ነገር ግን ከዓመታት በፊት አንዲት አህያ በእርግጫ ሁለት ጥርሱን አውልቃበታለች፤ ከዚያ ወዲህ አህያ የሚይዘው መሸሻ በሌለበት ቦታ ብቻ ነው።

«ዳልቻ፣ ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለ እንደተጋደመ።

ዳልቻ ከሩቅ ቆመ። «እንደምን ዋሉ፣ አያ ጅቦ። እስስቴ ታማብኝ ነው። የሠራሁላት ቤት ጠበባት» አለና የዝንቡንም፣ የጭልፊቱንም፣ የቅሉንም ነገር አጫወተው።

አያ ጅቦ አሰበ። ሐሳቡ ከሆዱ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ራሱ ወጣ። ሲደርስም ፊቱ በራ።

«ጠባብ ቤትማ ይገድላል» አለ። «ቤት ማለት ሰፊ ሲሆን ነው። እንዲያውም እኔ እሠራላታለሁ።»

«እርስዎ?»

«ምን ችግር አለው? ጎረቤታሞች አይደለንም እንዴ? ብቻ ልኩን ልውሰድ። እስቲ ዙርልኝ።»

«የእስስት ልክ ከእኔ ጀርባ ላይ ይወሰዳል እንዴ?»

«እዚያ ላይ አይደል የምትቀመጠው?»

ዳልቻ ነገሩ እውነት መሰለውና ዞረ። አያ ጅቦ ከጆሮው እስከ ጅራቱ በዓይኑ ለካው፤ ምራቁን ዋጠ፤ «በቃ፣ ያዝኩት» አለ።

ሥራው አምስት ቀን ፈጀ። አያ ጅቦ የወይራ እንጨት እየጎተተ አምጥቶ፣ ጉድጓድ እየማሰ አቆመው። በእንጨትና በእንጨት መካከል አህያ ጭንቅላቱን እንኳ እንዳያሾልክ አድርጎ አጠጋጋው። ግቢው ትልቅ ነው፤ የመንደር ከብት ሁሉ ያሳድራል። ከደጃፉ በላይ ደግሞ አንድ ከባድ ግንድ ሰቀለ። ካስማው ሲነቀል ግንዱ ወርዶ በሩን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል።

«በሩ ለምን እንዲህ ሰፋ?» ሲል ዳልቻ ጠየቀ።

«ልትጠይቃት ስትገባ እንዳትጨናነቅ ብዬ ነው።»

«ግንዱስ?»

«ጭልፊት ቢመጣ ነዋ።»

«ጣሪያ ግን የለውም እኮ።»

አያ ጅቦ ቀና ብሎ አየ። ለካስ የለውም። «እሱ በኋላ ይደረስበታል» አለ።

እስስትን መሀል ላይ አስቀመጧት። ዙሪያዋን አፈር ብቻ ነው፤ የምትወጣበት ቅርንጫፍ የለም፤ የምትልሰው ጤዛ የለም። ማለዳ ላይ ከወዲያኛው ጥግ አንድ ዝንብ አየችና ጉዞ ጀመረች። ስትደርስ እኩለ ቀን ሆኗል፤ ዝንቡ ግን በማለዳው ሄዷል። ከሁለት ቀን በኋላ አፈር መስላ ከአፈሩ ጋር ተመሳሰለችና ዳልቻ የት እንዳለች ማየት አቃተው።

«ነገ እኩለ ቀን ላይ ገብተህ ፈልጋት» አለው አያ ጅቦ። «እስከ መጨረሻው ጥግ ሂድ። እኔ በሩን እጠብቅልሃለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት እመት ቀበሮ በዚያ አለፈች። እውነቱን ለመናገር፣ ቀበሮ በዚያ ስታልፍ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። አራት ልጆቿ አድገው ጉድጓዱ ስለጠበባቸው፣ አጥሩን ከሩቅ ስታየው ሰንብታለች።

«እመት ቀበሮ፣ እባክዎ እስስቴን አብረን እንፈልጋት» አላት ዳልቻ።

ቀበሮ አጥሩን አንድ ጊዜ ዞረችው። እንጨቱን አየች፤ በሩን አየች፤ ግንዱን አየች።

«ይህ ቤት የማን ነው አልከኝ?»

«የእስስቴ።»

«እስስትህ ምን ታህላለች?»

«ከሰኮናዬ ትንሽ ትረዝማለች።»

«በሩስ ማንን ያህላል?»

ዳልቻ በሩን አየው። ቆይቶ «እኔን» አለ።

«ግንዱን የሚያወርደው ውስጥ ያለው ነው ወይስ ውጭ የቆመው?»

«ውጭ የቆመው።»

«እንግዲያው ቤቱ በማን ልክ እንደተሠራ አንተው ንገረኝ።»

የዳልቻ ጆሮዎች ወደቁ። እግሮቹ ለመሸሽ ተነሡ፤ ሁለት እርምጃም ሄዱ። ከዚያ ቆመ። «ትቻት አልሄድም» አለ። «ውስጥ ናት። በረሃብ ትሞትብኛለች።»

እመት ቀበሮ አጥሩን እንደገና አየችው። «እሺ። ብረዳህ ግን ግቢው ለእኔ ይሆናል» አለች።

«ይውሰዱት።»

ቀበሮ አፈሩን እያሸተተች ገባች። እስስትን ከአንድ እንጨት ግርጌ አገኘቻት፤ ክብደቷ እንደ ደረቅ ቅጠል ሆኗል። በከንፈሯ አንሥታ ስታወጣት የቀበሮዋም ሆድ ትንሽ ጮኸ፤ ይሁንና ቤት ከአንድ ጉርሻ እንደሚበልጥ ታውቃለችና ጥርሷን አልነከሰችም። ቀጥሎ ሁለት ረጃጅም የእሬት ቅጠል ቆርጣ አመጣች። ከመጨረሻው ጥግ ሣር ከመረችና ቅጠሎቹን እንደ ጆሮ አድርጋ ሰካቻቸው። ዳልቻ እስስትን ከሾላው ሥር አስቀምጦ ከዛፉ በስተጀርባ ተደበቀ።

እኩለ ቀን ላይ አያ ጅቦ እያነከሰ መጣ።

«ዳልቻ የታለ?» አለ።

«ያው ከወዲያኛው ጥግ አጎንብሶ እስስቱን እየፈለገ ነው» አለች ቀበሮ። «ጆሮው አይታይዎትም?»

አያ ጅቦ ሁለቱን ጆሮዎች አየ። ሊገባ ብሎ ቆመ። «እኔ ከገባሁ ግንዱን ማን ያወርደዋል?» አለ፤ ለራሱ መናገሩ ነበር፤ ግን ጮክ ብሎ ነው።

«እኔ ምን ሥራ አለኝ? እርስዎ ብቻ ይግቡ።»

«ደግ ነሽ። ሰኮናውን እተውልሻለሁ» ብሎ እየሮጠ ገባ።

ቀበሮ ካስማውን በጥርሷ ነቀለችው። ግንዱ ወረደ። አያ ጅቦ አንዱን ጆሮ ገምጦ አኘከ፤ ፊቱ ተጨማደደ። «ይህ አህያ ተበላሽቷል» አለ። ያም ሆኖ ሁለተኛውን ጆሮ ደግሞ ቀመሰው። ያን ጊዜ ነው ዘወር ሲል ዳልቻን ከአጥሩ ውጭ ከነሁለት ጆሮው ቆሞ ያየው።

«ክፈቱልኝ» አለ።

«ምነው፣ ሰፊ ነው ብለው አልነበረም?» አለች ቀበሮ።

«ለእኔ ጠቦኛል።»

አያ ጅቦን ከእሬቱ ጋር ትተውት ወደ ሾላው ሄዱ። ዳልቻ ከእስስት ፊት ተንበረከከ። «ሁለት ጊዜ ቤት ሠራሁልሽ፤ ሁለቱም ሊገድሉሽ ነበር» አላት። «ምን ዓይነት ቤት ነው የምትፈልጊው?»

«ቤት... ከሆነ...» ብላ ጀመረች።

ቀበሮ ሦስት ጊዜ አዛጋች። ዳልቻ አንዴ የገባው መስሎት ሊነሣ ሲል ቀበሮ ጅራቱን ረገጠችው። «እኔ... የምፈልገው... ቁመት ነው» አለች እስስት። «ወርድ... ምን ያደርግልኛል? የምኖረው... ወደ ላይና... ወደ ታች ነው።»

የሾላው ጥላ ወደ ምሥራቅ እየረዘመ ሲሄድ ንግግሯ አለቀ። ሲበርዳት ወጥታ ፀሐይ የምትሞቅበት፣ ሲሞቃት ወርዳ ጥላ የምታገኝበት፣ ነፋስ የሚያልፍበት፣ ከቅጠሉ ላይ ጤዛ የምትልስበት ቤት ነው የጠየቀችው። ጅራቷን ዘርግታ የምትዞርበት ያህል ይስፋ፤ ከዚያ በላይ ግን አይስፋ፤ ዝንቡ ከምላሷ እንዳይርቅ።

ይህን ከሰሙ በኋላ መሥራቱ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም። ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ መሀል ቀጥ ብሎ የወጣ አንድ አጋም ነበር። ጭልፊት እሾሁን አይደፍርም። ዙሪያውን በሸምበቆ አጠሩት፤ ቁመቱን እስከ ዳልቻ ጆሮ ጫፍ አደረሱት፤ ወርዱን እስስቷን ራሷን አስቁመው ለኩት። ዳልቻ ጎኑን ለሸምበቆው ሰጥቶ ሲቆም ዝንቦቹ ተከትለውት ይመጣሉ፤ ምላሷ በቀዳዳው ብቅ ይልና «ጧ» ይላል። በሦስተኛው ቀን እስስት አረንጓዴ ሆነች።

አያ ጅቦ አራት ቀን ጾመ። በአምስተኛው ቀን ከስቶ በራሱ እንጨቶች መካከል ሾልኮ ወጣና ወንዙን ተሻገረ፤ በዚያ አካባቢ ከዚያ ወዲህ አልታየም። ቀበሮም ልጆቿን ይዛ ግቢው ውስጥ ገባች።

ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ፣ ዳልቻ አንድ ጠዋት ቢመለከት ቤቱ ባዶ ነው። እስስት ከታች በተተወላት ትንሽ መውጫ ወጥታ ሄዳለች። ዳልቻ ቁጥቋጦውን ሁሉ ዞረ፤ ሣር መጋጥም ረሳ።

«መውጫውን ዝጋው ብዬህ ነበር» አለች ቀበሮ።

«የምዘጋው ለማን ብዬ ነው?» አለ ዳልቻ። «ቤቱ ከተስማማት ትኖርበታለች፤ ካልተስማማትም እስር ቤት ነው የሚሆነው።»

ወደ ማታ ግድም፣ ሣሩ መሀል አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። እስስት ናት። አንድ እግሯን ታነሣለች፣ ታወዛውዛለች፣ ታሳርፋለች። ከአጋሙ ግርጌ ደረሰች፤ በመውጫዋ ገባች፤ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ወጥታ ከላይኛው ጫፍ ላይ የመጨረሻዋን ፀሐይ እየሞቀች ጅራቷን ጠቀለለች። ዳልቻ አጠገቧ ቆሞ በእርጋታ ሣሩን መጋጥ ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለምንወደው ፍጡር ማደሪያ ስናዘጋጅ ልኩን መውሰድ ያለብን ከራሳችን ምቾት ወይም ከሌላው ጥቅም ሳይሆን፣ ታግሠን በማድመጥ ከሚኖርበት ከራሱ መሆኑን ነው።