የእመት አህያ ወዝ

አንድ ጊዜ ሰማይ ዝናብ ነፍጎ፣ ምድር ከስላ፣ እንስሳት እርስ በርስ ሲበላሉ ሊያልቁ ደረሱ። የተረፉት ተሰብስበው ሥጋ የሚባል ነገር ላይቀምሱ ተማማሉ፤ ከወንዝ ማዶ የቀረች አንዲት የበቆሎ ማሳ በምትሰጠው እህልም መኖር ጀመሩ። በቆሎውን በጀርባዋ የምታመላልሰው እመት አህያ ነበረች። ቂጣውን የሚጋግረው ደግሞ አያ ቀበሮ። ስስ አድርጎ ትኩስ ድንጋይ ላይ ይጋግረዋል፣ በሦስት ማዕዘን ይቆራርጠዋል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፤ ዛሬ የከተማ ልጅ ቺፕስ እያለ የሚበላው ዓይነት መሆኑ ነው።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሁሉንም ያስገረመው አያ ጅቦ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አህያን ባየ ቁጥር ምራቁን ይውጥ ነበር። ግን ጅብ አይደል፣ ልቡ ዝንጉ ነውና ቀስ በቀስ የሥጋ ጣዕም ምን እንደሚመስል ጭራሽ ረሳው። እመት አህያም ይህን ታውቃለች። ጎን ለጎን ውሃ ሲጠጡ ሰረቅ አድርጋ ታየውና «ባይረሳ ኖሮ ይሄኔ የት ነበርኩ?» ትላለች በልቧ። ዕድሜዋ የተንጠለጠለው በእሱ መርሳት ላይ ነበር።

ቀበሮ ግን አልረሳም። ሥጋ አምሮታል። አህያን ጥሎ ለመብላት አቅም የለውም፤ መሐላ አፍራሽ መባሉንም አልፈለገም።

አንድ ቀን ጅብ ቂጣውን ኩርሽም አደረገና ተፋው።

«ሰለቸኝ! በበርበሬ ሞከርከው፣ በነጭ ሽንኩርት ሞከርከው፤ ወዝ የለውም!»

«የጎደለው ወዝ ነው? ቆይ፣ አዲስ ጣዕም አመጣልሃለሁ» አለ ቀበሮ፤ በቀጥታም አህያ ዘንድ ሄደ።

አህያ ጭነቷን አራግፋ ቆማ ነበር። ላቧ ጀርባዋ ላይ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል።

«እመት አህያ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስትሸከሚ አንድ ቀን እንኳ ‹እግዜር ይስጥልን› ያለሽ አለ?»

«ማን ብሎኝ!» አለች። ሆዷ ባባ። እውነቷን ነው፤ ሁሉም በልቶ ይሄዳል እንጂ በቆሎው በማን ጀርባ እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም።

«እንግዲያው ከጀርባሽ ወዝ ጥቂት ፋቅ ላድርግና ቂጣው ላይ ልነስንሰው። ስሙንም ባንቺ ስም እንጠራዋለን። የበላ ሁሉ ያነሳሻል።»

አህያ አመነታች። «ጅብም ይቀምሰዋል?»

«ጅብ ካመሰገነሽ ከእንግዲህ ማን ይንቅሻል?»

ይህች ቃል አሸነፈቻት። ምስኪን! ጀርባዋን ሰጠችው።

በማግስቱ ጅብ ከአዲሱ ቂጣ አንድ ቁራጭ አፉ ውስጥ ጣለ። ማላመጡን አቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። ሌላ ጨመረ፣ ከዚያ በእፍኝ በእፍኝ ይጠቀጥቀው ጀመር፤ ሰፌዱን ሳይቀር ላሰው።

«ይሄን ነገር የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ። ምንድን ነው የተጨመረበት?»

ቀበሮ ወደ አህያ አየት አደረገ። ዝም ማለት ያቃታት አህያ ናት። ስንት ዘመን ሙሉ የጠበቀችው ጥያቄ ሲመጣ ደስታው አላስቻላትም።

«የኔ ወዝ ነው!» አለች፣ ጆሮዋን አቁማ።

ጅብ ተጠግቶ ጀርባዋን ላስ አደረገ። ኮረኮራትና ሳቀች። ደግሞ ላሰ። በሦስተኛው ጥርሱ ሲነካት ሳቋ ጠፋ።

«አያ ጅቦ፣ እኔ እኮ ነኝ! በቆሎ የማመጣልህ!»

«አውቃለሁ፣ እመት አህያ። ያሳዝናል» አለ ጅብ፤ ከልቡም ነበር። ከዚያ ሆዷን ዘረገፈው።

ቀበሮ ጅብ ጠግቦ እስኪተኛ ጠበቀና የተረፈውን ጎድን ጋጠ። አፉን ጠራርጎም «ጅብ መሐላ አፈረሰ!» ብሎ ለእንስሳቱ ጮኸ። ጅብን የሚቀጣ ግን አልተገኘም፤ ደሙ የሸተተው ሁሉ ጎረቤቱን በሌላ ዓይን ማየት ጀምሮ ነበር። ከወንዝ ማዶ ያለው በቆሎም የሚያመጣው ጠፍቶ በቁሙ ደረቀ።

ከዚህ የምንማረው፣ ምስጋና ምንም ያህል ቢናፍቀን የሚያመሰግነን አፍ ምን እንደሚርበው ሳናውቅ ራሳችንን ማስቀመስ እንደሌለብን ነው።