ማጀት የቀሩት አበልጅ

አንዲት ሴት ልጇን ክርስትና የምታስነሳበት ቀን ሲቃረብ ጎረቤቷን በአጥር ላይ ጠራቻቸው።

«እትዬ የሻረግ፣ የእሑዱ ነገር ያለ እርስዎ አይሆንም። አደራ!»

«እኔን? እኔን መረጥሽ?»

«ታዲያ ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?»

እትዬ የሻረግ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሴትየዋ ያሰበችው የዶሮውን ወጥ ነበር። እርሳቸው የገባቸው ግን የክርስትና እናትነቱ ነው።

ቢሳሳቱ ይፈረድባቸዋል? አራስ ሳለች ገንፎውን ያገነፉላት እርሳቸው ናቸው። የሕፃኗን ጨርቅ ያጠቡት እርሳቸው ናቸው። ሆዷን ሲቆርጣት ታቅፈው ግቢውን የዞሩት እርሳቸው ናቸው።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተገኙ። ሕፃኗ ከውሃው ስትወጣ የምትጠቀለልበት አዲስ ነጠላ በክንዳቸው ይዘዋል። ካህኑ «የክርስትና እናት ትቅረብ» ሲሉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ ፊት ወጡ።

እናትየዋ ደንግጣ ልብሳቸውን ያዘች። «እትዬ! እርስዎ አይደሉም እኮ! እኔ ለወጡ ነው ያልኩዎት።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ወይ ጉድ፣ ሳይጠሩት አቤት!» ብላ ሳቀች።

የተመረጡት ወይዘሮ ፀዳለ ነበሩ፤ የባሏ አለቃ። ሕፃኗን ከዚያ በፊት አቅፈዋት አያውቁም። እናትየዋ ስትመርጣቸው ያሰበችው ለባሏ እድገት እንጂ ለልጇ አልነበረም።

እትዬ የሻረግ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ውይ፣ እኔ ደግሞ! እርጅና ነው» አሉ። ነጠላውን ለወይዘሮ ፀዳለ አቀበሉ። «እንደወጣች ይጠቅልሏት፤ ጭንቅላቷንም ደገፍ ያድርጉላት።» ከዚያ ወጡን ለመሥራት ሄዱ።

ምሳ ላይ አባትየው ወይዘሮ ፀዳለን ቆሞ ያስተናግዳል። «አበልጄ፣ ይብሉልን እንጂ! ለአበልጄ ጨምሩላቸው!» ድምፁ ማጀት ድረስ ይሰማል።

እናትየዋ ይቅርታ ልትጠይቅ ወደ ማጀት ገባች። አፏን ከፈተች።

«ጨው… አላነሰውም?» አለች። ይህን ብቻ።

«ቅመሺው እስቲ» አሏት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ቀመሰች። ወደ እንግዶቿ ተመለሰች።

እስቲ ይህን ቃል አብረን እንየው፤ አበልጅ። ሲፈታ አበ ልጅ ነው፤ የልጅ አባት ማለት ነው። ዛሬ ለወንዱም ለሴቷም እንለዋለን። በቃሉ ውስጥ ሹመት አለ? ሀብት አለ? የለም። ያለው ልጅ ነው። በደም የማይዛመዱ ሁለት ሰዎች በአንድ ሕፃን ምክንያት ይዛመዳሉ። ሕፃኑን ከመካከል አውጡት፤ ምን ይቀራል? ትውውቅ ብቻ።

እናንተስ? በደስታችሁ ቀን ከፍ ካለው ቦታ ያስቀመጣችሁት ማንን ነበር? ማጀት የቀረውስ ማን ነበር? የዝምድናውን ስም ለሚጠቅማችሁ ሰጥታችሁ፣ የዝምድናውን ድካም ለሚወዳችሁ አልተዋችሁም? የዚያን ሰው ስም አሁን አትናገሩ፤ በልባችሁ ያዙት።

ይህን ስትሰሙ አንገታችሁን ከደፋችሁ፣ እኔም ስናገረው ቀና ማለት አልቻልኩም። ማፈራችን ግን ክፉ አይደለም። ክፉው አፍረን ሳለ ስለ ወጡ ማውራታችን ነው። የበደልነው ሰው አጠገባችን ቆሞ፣ የምንናገረው ጠፍቶን ሳይሆን ለመናገር ከብዶን፣ ስንት ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አወራን?

ጥምቀት አይደገምም። ያቺ እናት ያን ጠዋት መልሳ ልታመጣው አትችልም። ለልጇም ሌላ የክርስትና እናት ልትሰጣት አትችልም። በማግስቱ ግን ልጇን ታቅፋ የእትዬ የሻረግን በር አንኳኳች።

«እትዬ፣ አሳፈርኩዎት» አለች። «በሰው ፊት አሳፈርኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ የሻረግ ሕፃኗን ተቀበሏትና ወደ ውስጥ ገቡ። በሩን አልዘጉትም።